የሰው ስልክ

አዲሱ ስክሪን ብልጭ ሲል ኡሙልኸይር «በቃ፣ ተነሣ!» ብላ ለብቻዋ አጨበጨበች። ትናንት ከሰዓት በኋላ የክፍሏ ልጅ ዮፍታሄ ያመጣው ስልክ ነው፤ መስታወቱ እንዳልነበረ ሆኖ፣ ጠርዙ ተጣሞ። «ወደቀብኝ» ነበር ያለው። እሷ ግን ከሰባተኛ ክፍል ጀምራ አባቷ ሱቅ ውስጥ ስልክ ስትፈታና ስትገጥም የኖረች ናት፤ የወደቀን ስልክ ከተወረወረ ስልክ ለይታ ታውቃለች። ያም ሆኖ ምንም አላለችም። ደንበኛ ወደቀብኝ ካለ ወድቋል ማለት ነው።

ከስልኩ ጀርባ በለጠፈችው ፕላስተር ላይ «ዮፍታሄ፣ ለዓርብ» ብላ ጽፋለች፤ ከሥሩም የመክፈቻ ቁጥሩን። ስክሪን ከተቀየረ በኋላ መንካቱን ለመሞከር ቁጥሩ ግድ ነው። ለዚህ ብቻ ነው ታዲያ! አባቷ ጠሀ መናኸሪያ አጠገብ ይህችን የጥገና ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ ያልሻረው አንድ ደንብ አለው። «የሰው ስልክ የሰው ሆድ ነው» ይላል፤ «እጅሽ ይግባ፣ ዓይንሽ ግን ውጭ ይቅር።» ነጋዴውም ሹፌሩም፣ ሚስቱን የሚፈራውም አለቃውን የሚፈራውም፣ ስልኩን ጥሎለት የሚሄደው ለዚህ ነው። ሱቋማ ምን ሱቅ ናት፣ ከቁም ሣጥን አትበልጥም። ፈተና ሲያልቅ ለልጁ የራሷን ጠረጴዛ ሊያስገባላት፣ ሰሌዳውንም «ጠሀና ልጁ» ብሎ ሊያስጽፈው ቃል ገብቷል። ኡሙልኸይር ስለዚህ ሰሌዳ ስታስብ ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ እንኳ ፈገግ ትላለች።

ዛሬ ዓርብ ነው። አባቷ ጁምዓ ሄዷል፤ እሷ ደግሞ የምሳውን ረጅም ዕረፍት ሱቅ እየጠበቀች ነው። ቁጥሩን መታች፤ ስልኩ ተከፈተ። ኔትወርክ እንደያዘ ከትናንት ጀምሮ የተጠራቀመው መልእክት ጎረፈ። ዓይኗን ልትመልስ ነበር። እውነቷን ነው፣ ልትመልስ ነበር። አሁን የገባ አንድ መልእክት ግን ከላይ ብቅ ብሎ ጣቷ ሥር ተቀመጠ።

«ነገ ነው አይደል? ወይስ እንደ ባለፈው ፈርተህ ትተወዋለህ?»

የላኪው ስም «ብቸኛው» ይላል። የቴሌግራም ቡድኑ ደግሞ «ዝምተኞች»። ምን ውርርድ ነው ደግሞ ይሄ ብላ ነካችው። መንካቱ እንደሆነ እንከን አልነበረውም።

ሁለት መቶ ምናምን ሰዎች ናቸው፤ አንድም እውነተኛ ስም የለም። ስለ መሞት ያወራሉ፤ ሰው ስለ ሰርግ እንደሚያወራ ቀን እየቆረጡ ያወራሉ። የሚገርመው ክፉ ብቻ አለመሆናቸው ነው። አንዷ «ዛሬስ እህል ቀመስክ?» ትላለች። ሌላው «እንቅልፍ እንቢ ካለህ እኔም ነቅቻለሁ» ይላል። ከዚያ ደግሞ ይሄ «ብቸኛው» የሚሉት መጥቶ «በአይዞህ አታዘናጉት፣ ወስኗል» ብሎ ይዘጋዋል። ማን ሾመው? ከየት ነው? ወንድ ይሁን ሴት፣ ልጅ ይሁን ሽማግሌ፣ አላህ ይወቀው!

ዮፍታሄ እዚያ ውስጥ ስሙ «ተራ ሰው» ነው። እንዲህ ብሎ ጽፏል፦ «ቪዲዮው አይደለም። ሰው ቪዲዮው ይመስለዋል። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ምንም ነገር አይጥመኝም። ቀኑን ሙሉ ሳስቃቸው ውዬ ቤት ስገባ መንጋጋዬን ያመኛል። እናቴ ደክማ ነው የምትገባው። እኔ ባልኖር ይቀላት ነበር። ቅዳሜ ይሻላል።»

ኡሙልኸይር ቪዲዮውን ታውቀዋለች። የማያውቀው ማን አለና! በወላጆች ቀን ዮፍታሄ ለአባቱ መታሰቢያ የጻፈውን ሊያነብ መድረክ ላይ ወጣ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ድምፁ ተሰበረና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ንፍጡ እስኪወርድ አለቀሰ። አንዱ ቀረጸው፤ ሌላው የጭፈራ ሙዚቃ አስገባበት፤ እስከ ማታ አገር ምድሩ አየው። «ሙሾ» የሚል ስምም ወጣለት። በማግስቱ ራሱ ዮፍታሄ «ሙሾ አውራጅ የሚፈልግ ይቅጠረኝ» ብሎ ሲቀልድ ሁሉም ተገላገለ። አየህ፣ እሱ ራሱ እየሳቀ ነው፣ ተባለ። እሷስ? ሦስት የሳቅ ምልክት አስቀምጣ፣ ቪዲዮውን ለሁለት የአክስቷ ልጆች አስተላልፋ ተኝታለች። ጥሩ እንቅልፍም ወስዷት ነበር።

በእሱ ስም «አላደርገውም፣ ተዉኝ» ብላ መጻፍ ጀመረች። ሁለተኛውን ቃል ሳትጨርስ «ብቸኛው» ደረሰ፦ «እየጻፍክ ነው? የት ጠፋህ? እንዳታወላውል።» ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ኖሯል! ስልኩን እንደ ፍም ጠረጴዛው ላይ ጣለችው።

«ደረሰ?»

ዮፍታሄ ባንኮኒው ላይ ተደግፏል፤ እንደ ሁልጊዜው ፈገግ ብሎ። «ወይስ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው?»

በሌላ ቀን ቢሆን ትስቅ ነበር። «ና ግባ» አለችው።

«ለምን?»

«ግባ አልኩህ እኮ!»

ገባ። ለሁለት ሰው የማትበቃ ሱቅ ናት፤ ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረው። ኡሙልኸይር በምን በኩል እንደምትጀምር ግራ ገባት። እንዲህ ያለ ነገር በምን ወግ እንደሚጠየቅ ቤትም ትምህርት ቤትም ያስተማራት የለም። ስለዚህ እንደመጣላት ጠየቀችው።

«ነገ ራስህን ልታጠፋ ነው የምታስበው?»

ፈገግታው ወዲያው አልጠፋም፤ እዚያው ፊቱ ላይ ደረቀ። ከዚያ ዓይኑ ወደ ስልኩ ሄደ።

«አነበብሽው።»

«መልእክቱ ከላይ መጥቶ...»

«የሰው ስልክ ታነቢያለሽ! የጋሽ ጠሀ ልጅ! መናኸሪያ ሁሉ በእናንተ እየማለ!»

«ተቆጣኝ። ግን መልስልኝ።»

«ምን አገባሽ? አቦ ስልኬን ስጪኝ!»

«እነዚያን ሰዎች ታውቃቸዋለህ? አንዱን እንኳ በዓይንህ አይተኸው ታውቃለህ?»

«እነሱ እህል ቀመስክ ወይ ይሉኛል» አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገው፤ ዝቅታው ከጩኸቱ ይብስ ነበር። «አንቺ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? አንቺ ምን እንደላክሽ ልንገርሽ? ሦስት ሳቅ። ማን ስንት እንደሳቀ በየስሙ አውቀዋለሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት። «ይቅርታ» አለች። «ወላሂ፣ ይቅርታ።»

«ይቅርታሽን ከስልኩ ጋር ጠቅልይልኝ።»

ያለው ሁሉ እውነት ነው። ቢሆንም አልተወችውም። «እሺ፣ እህል ቀመስክ ወይ የሚሉህ አሉ። እነሱስ ራሳቸው የሚጠይቃቸው አጥተው ነው። ያ ብቸኛው የምትሉትስ? ነገ አንተ ባትኖር እሱ ምን ይጎድልበታል? ከነገ ወዲያ ሌላውን ቀንህ መቼ ነው እያለ ይጠይቃል።»

ዮፍታሄ ስልኩን ከጠረጴዛው አነሣ። የፕላስተሩን ጠርዝ በጥፍሩ ይልጥ ጀመር። ቆይቶ፣ ለእሷ ይሁን ለራሱ በማይታወቅ ድምፅ፣ «ነገ ሆቴሉ ሰርግ አለበት። እማ ቀኑን ሙሉ የለችም» አለ። እናቱ ወይዘሮ ደስታነሽ ሐይቅ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አንሶላ ታጥባለች። ለካ ቀኑ በዘፈቀደ አልተመረጠም!

«ለእትዬ ደስታነሽ እንንገራት።»

«ሞቼ እገኛለሁ!» አለና ራሱ ባለው ነገር ደነገጠ። ከዚያ ፊቱን አስጠጋ። «ስሚ ኡሙ። ለማንም ትንፍሽ አትይም። ካልሽ እኔም ዝም አልልም፤ እዚህ ሱቅ የሰው ስልክ ይነበባል ብዬ መናኸሪያ መሀል ቆሜ እናገራለሁ። ከዚያ ወዲያ ማን በራችሁን ይረግጣል?»

ጥሩ አድርጎ ያዛት። እሺም እንቢም ለማለት አፏን ሳትከፍት አባቷ ነጭ ኮፍያውን እንደደፋ ከች አለ።

«እንዴ፣ ዮፍታሄ! ተሠራልህ?»

«ተሠራልኝ ጋሽ ጠሀ። ልጅዎ እጇ ይባረክ!» ፈገግታው ተመልሷል፤ ያ ሁሉ ንግግር ያልነበረ ይመስል። ስልኩን ኪሱ ከተተና ወጣ፤ ደረጃውን ወረደ።

አምስት ርምጃ ቢራመድ ከባጃጁና ከመንገደኛው ግርግር ይቀላቀላል። ኡሙልኸይር ጀርባውን እያየች ቆመች። ቃል አልገባችለትም እንጂ ዝም ብትል የሚጠይቃት የለም። ሱቁም ስሙም ጠረጴዛዋም እንዳሉ ይቀራሉ። ዝም ማለት እንዴት ይቀላል! ክፍላቸው ሁሉ ዝም ብሎ አይደል እዚህ ያደረሰው? ሰኞ ጠዋት ስም ሲጠራ «ዮፍታሄ» ተብሎ መልስ የሚጠፋበት ጊዜ ታያት።

«አባ! የሰው ስልክ አነበብኩ!»

ጮክ ብላ ነው ያለችው። ጎረቤት የምትሸጠው የጫማ ነጋዴ እንኳ ዞር አለች። ዮፍታሄ ባለበት ተተከለ።

ኮፍያውን ሊያወልቅ የሄደው የጠሀ እጅ አየር ላይ ቀረ። «የማንን?»

የቀረውን ወደ ጆሮው ተጠግታ ነገረችው። ማን ምን እንዳለ፣ ነገ እናቱ እንደማትኖር፣ የማያውቃቸው ሰዎች ቀን እየቆጠሩለት እንደሆነ። ራሷ ስለላከችው ሳቅም አልደበቀችም። ጠሀ ሰምቶ ሲጨርስ ደረጃውን ወርዶ ልጁን ትከሻውን ያዘው።

«እውነት ነው፣ የኔ ልጅ?»

ዮፍታሄ መሮጥ ይችል ነበር። አልሮጠም። አገጩ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ጠሀ ወደ ሱቁ አስገባውና ከመንገደኛው ዓይን በጀርባው ከለለው። ያው የመድረኩ ልቅሶ ነው፤ ያው ትንፋሽ የሚቆርጠው። ዛሬ ግን ስልክ ያነሣበት አልነበረም።

ትንሽ ሲረጋጋ ጠሀ ለወይዘሮ ደስታነሽ ደወለ። «ልጅዎ ከእኔ ጋር ነው፣ ደህና ነው። መጣን፤ የትም እንዳይሄዱ» አላት። ከዚያ ወደ ዮፍታሄ ዞሮ፣ «ከእናትህ ጋር ሆነን ሐኪም ዘንድ እንሄዳለን። ይህም እንደ ወባው ሐኪም ያለው ነገር ነው። ነገ ብቻህን አትውልም፤ እናትህ ሥራ ካለባት እኔ ዘንድ ትውላለህ» አለው።

ወደ ኡሙልኸይርም ዞረ። «ካቻቢቴውን አስቀምጪ። ከዛሬ ጀምሮ ስልክ አትከፍቺልኝም።»

«አባ! ባላነበው ኖሮ...»

«ደግ አደረግሽ። ደንቡ ግን ደንብ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልል ነው?» ሁለቱንም በአንድ ድምፅ ነው የተናገረው፣ ማንንም ሳያይ። ከዚያ ገበያ በሚደራበት በዓርብ ሰዓት የቆርቆሮውን በር ጎትቶ ዘጋው። ኡሙልኸይር የተዘጋውን በር አየች፤ ከላይ ያለውን «ጠሀ» ብቻ የሚለውን ሰሌዳም አየች። እንባዋ መጣ።

ባጃጅ ውስጥ ዮፍታሄን መሀል አስገቡት። ጠሀ በአንድ ወገን ውጭ ውጭውን ያያል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ ሳይሆን አይቀርም። ባህል አዳራሹን አለፉ።

«ጠላሁሽ» አለ ዮፍታሄ ፊቱን ሳያዞር። «ዕድሜ ልኬን ነው የምጠላሽ።»

ኡሙልኸይር «ዕድሜ ልኬን» ያለውን ቃል ለብቻው አንሥታ ያዘችው።

«ጥላኝ» አለች። «ነገም ጥላኝ። ሰኞም ክፍል መጥተህ ጥላኝ።»

እጁ ላይ ያለው ስልክ ነዘረ፤ እሷው የገጠመችው ስክሪን በራ። ይህን ጊዜ ግን ዓይኗን ወደ መንገዱ መለሰች። ባጃጁ ወደ ሐይቅ ዳር ሲታጠፍ ተንገጫግጮ ወደ እሱ ቢገፋት፣ ዮፍታሄ ስልኩን ጉልበቱ ላይ በፊቱ ደፍቶት አየች።