አያ ፈንቴ የተቀበሉኝ አደራ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ በደርግ ጊዜ ሸሕዲ በምትባል የቆላ ከተማ ሳይንስ አስተምር ነበር፣ የጠንቋይ ወሬ ሲነሣ ተማሪ ፊት የማፌዝ ነበርኩ፤ ይህን ግን እንደሆነው እነግርሃለሁ፣ ምን ላድርግ፣ የሆነው በገዛ ደረቴ ላይ ነው።

ትርፍ አንጀት ያዘኝ፣ ጎንደር እንዳልሄድ መንገዱ በውጊያ ተዘግቷል፣ ደግነቱ የጦሩ ሐኪም ሸሕዲ ነበር፣ ችግሩ አስሜ ነው፣ የሰሊጥ አጨዳ በደረሰ ቁጥር ከአቧራው የተነሣ ደረቴ ሲር ሲር ሲል ያድራል። ማደንዘዣ ሰጪው ወታደር አዳምጦኝ ፊቱ ጠቆረ። "ጓድ መምህር፣ ተኝተህ ሳለ ደረትህ ቢዘጋ የምከፍትበት የለኝም፤ ኦፕራሲዮን ካልሆንክ ደግሞ አንጀትህ ይፈነዳል" አለኝ። ፈራሁ፣ ምን እደብቅሃለሁ።

አጠገቤ ያለው አልጋ ላይ አያ ፈንቴ የሚባሉ፣ ለአጨዳ ወርደው ወባ የጣላቸው የጎጃም ሽማግሌ ነበሩ። የቀን ሠራተኛው ሁሉ ልብሱንም ስንቁንም የሚያስቀምጠው እሳቸው ዘንድ ነው፣ እሱ "አደራ" ይላል፣ እሳቸው "ተቀብያለሁ" ይላሉ፣ በቃ፣ ጠፍቶባቸውም አያውቅ። ለኦፕራሲዮኑ ልወሰድ ስል አያ ፈንቴ እጄን ያዙና፣ "በሰው አገር ሸክም አደራ ይሰጣል፤ ይችን ሲር ሲር የምትለዋንም ለእኔ ስጠኝ፣ ስትወጣ ትረከበኛለህ" አሉኝ። ሳቄ መጣ፣ ግን ይሉኝታ ይዞኝ "አደራ" አልኳቸው። "ተቀብያለሁ" አሉ፣ ሳይስቁ።

የማደንዘዣው ጭምብል ፊቴ ላይ ሲደረግ፣ እመነኝ፣ ያ ድምፅ ከደረቴ ሳይሆን ከግድግዳው ማዶ ይሰማኝ ጀመር፣ ቀስ እያለ እየራቀ ሄደ፣ ከዚያ ወዲያ አላውቅም።

ስነቃ ወታደሩ ማዳመጫውን ደረቴ ላይ ከወዲያ ወዲህ ያዘዋውራል። ኋላ "የሕፃን ደረት ነው" አለ፣ ደስ ያለው ግን አይመስልም። የአያ ፈንቴ አልጋ ባዶ ነው። ነርሷን ብጠይቃት፣ ወባው ለቋቸው ሽንፋ በሚሄድ የጭነት መኪና መሳፈራቸውን ነገረችኝ፣ ብቻ ትንፋሽ አጥሯቸው፣ ደረታቸው ሲር ሲር እያለ ነው የወጡት።

ከዚያ ወዲህ አስም የሚባል አያውቀኝም፣ ሰሊጥ ሲራገፍ መሀሉ ብቆም እንኳ። ሽንፋ ድረስ ሄጄ ፈለግኳቸው፣ ላመስግናቸው ይሁን ይመልሱልኝ ልበላቸው ለራሴም አልታወቀኝም፣ አላገኘኋቸውም። በሌላው ዓመት አንድ የአገራቸው ሰው ለአጨዳ ሲወርድ ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ፣ "አያ ፈንቴ 'አደራህ ደህና ነው፣ እኔ ግን ደክሜያለሁ በለው' ብለውኛል" አለኝ። የምን አደራ እንደሆነ ሲጠይቀኝ "የልብስ ነው" አልኩት።

ባለአደራ ሲሞት አደራው ለባለቤቱ ይመለሳል፣ ይህን ማንም ያውቃል። ይኸው ስንት ዘመን አለፈ፣ መርዷቸውን የነገረኝ የለም፣ ጠዋት ስነቃ ግን ከአልጋዬ ሳልወርድ መጀመሪያ ትንፋሼን አዳምጣለሁ።