ቀዩ መጋረጃ

«ቀላ?» አሉ አያቷ፣ በሩ ላይ ቆመው።

ቀጮ ግማሽ አካሏ አልጋ ሥር ገብቷል። በአንድ እጇ የድመቱን ጭንቅላት ደግፋ፣ በሌላው እጇ አውራ ጣት ከንፈሩን ገለጥ አደረገች። አመዶ አልታገላትም። ድሮ ቢሆን ቧጥጦ ያሳያት ነበር።

«ሮዝ ነው፣ እማማ።»

«ደግመሽ እዪው እስቲ። እኔማ በዚህ ዓይኔ ድዱን ከጆሮው አልለየው።»

«አየሁት እኮ። ደህና ነው አልኩ።»

አያቷ ከበሩ ንቅንቅ አላሉም። ሞራ ዓይናቸውን ከጋረደው ወዲህ ቤቱን የሚጠብቁት በጆሯቸው ነው። «ጠዋት ግድግዳ ሲልስ ሰምቼዋለሁ። ሐኪሟ ደም ሲያንሰው ግድግዳም አፈርም ይልሳል አላለችም?»

«ሲጫወት ይሆናላ።»

«ይሄ ሽማግሌ ደግሞ ምን ጨዋታ አለው ብለሽ ነው።»

የአመዶ ኩላሊት ከደከመ ቆይቷል። ኩላሊቱ ሲደክም ሰውነቱ ደም መሥራቱን እየተወ መጣ። የእንስሳት ሐኪሟ እንደነገረቻቸው በሽታው ድኖ የሚረሳ ሳይሆን አብረውት የሚኖሩት ነው። ደም እንዲሠራ የሚያግዘውን መርፌ በየሳምንቱ እሷ ትወጋዋለች፤ ድዱን በየቀኑ ማየት ግን የቤተሰቡ ሥራ ነው። ሮዝ ከሆነ እሰየው። ከነጣ ግን ሳይውል ሳያድር ወደ ክሊኒኩ። እናቷ ገና ሳይነጋ ዳቦ መጋገሪያ ቤት ሥራ ትገባለች፤ አያቷ አያዩም። ስለዚህ ቀጮ ሮዝ ነው ካለች ሮዝ ነው፣ በቃ።

ቀዩን መጋረጃ የሰቀሉት አያቷ ናቸው። ሐኪሟ «ደም ያነሰው ይበርደዋል» ባለች ማግሥት ከሳጥን ወፍራም የአልጋ ልብስ አወጡ፤ ጠርዙን በዳበሳ ሰፍተው መስኮቱን ግጥም አድርገው ዘጉበት። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ ፍም እንዳለበት ምድጃ ቀልቶ ይውላል፤ አመዶም ከዚያ አልጋ ሥር ብዙም አይወጣም።

በማግሥቱ የመረብ ኳስ ፍጻሜ ነበር፣ ያውም ሌላ ከተማ። ለቡድኑ አጥቂዎች ኳስ እያነሳች የምታቀብለው ቀጮ ናት። በዋዜማው ማታ መለያዋን አጥፋ ቦርሳ ከተተች፤ አውጥታ እንደገና አጠፈችው። ራት ላይም ቁጭ ብድግ ስትል እናቷ፣ «ወንበሩ ላይ መርፌ አለ እንዴ?» አለቻት። የሚወጋትስ መርፌ አልነበረም። ያ አልጋ ሥር ያየችው ሮዝ ግን፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ልቧ ላይ አልረጋ አላት።

ጠዋት የጫማዋን ማሰሪያ ስትቋጥር ድምፁን ሰማችው። ሸካራ ወረቀት እንጨት ሲፍቅ የሚያሰማው ዓይነት ነበር። አመዶ በረንዳ ወጥቶ ግድግዳውን ይልሳል። ብድግ ስታደርገው ክብደቱ ጠፋባት። ቅር ብሎት አፉን ከፈተ፤ በጠዋቱ ብርሃን ድዱን አየችው። ነጭ ነው። እንደ ደብተር ወረቀት ነጭ።

አቅፋው ወደ መኝታ ቤት ሮጠች። ሮዝ። ወደ በረንዳ መለሰችው። ነጭ። እንደገና መኝታ ቤት ገባች፤ ሮዝ። ቆም አለችና የመጋረጃውን ጫፍ ሳብ አደረገችው። ብርሃኑ ፊቱ ላይ ሲያርፍ ሮዙ እንደ መብራት ድርግም ብሎ ጠፋ።

ትናንትም፣ ከትናንት ወዲያም ሮዝ የነበረው መጋረጃው ነው።

ስልኳ ጮኸ። ካፒቴኗ ናት።

«አንቺ፣ የት ጠፋሽ? ባሱ ሞተር አስነስቷል፣ ሹፌሩም ይነጫነጫል። እንዳትሸውጂኝ በናትሽ።»

«መጣሁ፣» አለች ቀጮ። አፏ ቀደማት።

መጋረጃውን ለቀቀችው። ክፍሉ ቀላ፣ አመዶም አብሮ ቀላ። እስከ ማታ ቢቆይስ? ማታ እኮ ትመለሳለች። ትናንት ቆይቶ የለ? ነጭ መሆኑን ከእሷ በቀር ያየ የለም። ወደ በሩ ሄደች፣ ተመለሰች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ አስቀመጠች።

«ቀላ?»

አያቷ በላስቲክ የጠቀለሉትን ዳቦ ይዘው በሩ ላይ ቆመዋል። «ለመንገድሽ ነው። እሱ ደህና ከሆነ አንቺም ልብሽ ሳይከፈል ትጫወቻለሽ።»

አመዶ አገጩን ክንዷ ላይ ጣል አደረገ። ጎድኑ ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ሮጦ የመጣ እንጂ ተኝቶ ያደረ አይመስልም።

«ነጭ ነው፣ እማማ።»

ዳቦው እጃቸው ላይ ቀረ። «ትናንት ሮዝ ነው አላልሽኝም?»

ቀጮ መጋረጃውን አየችው። አያቷ እየዳበሱ የሰፉት ጠርዝ ወዲያና ወዲህ ተጠማዟል፤ ክሩ አንድ ቦታ ሦስቴ ተደራርቧል፣ ነፋስ እንዳያስገባ።

«ትናንት በደንብ አላየሁትም፣» አለች።

«በይ እኔ ልውሰደው። አንቺ ጨዋታሽ...»

«ደረጃውን ማን ያሳይዎታል?»

ቀጮ ስልኩን መልሳ ደወለች።

«ካፒቴን፣ አልመጣም። ድመቴን ሐኪም ቤት ልወስደው ነው።»

«ለድመት?» ከኋላዋ የልጆቹ ዘፈን ይሰማል። «ዛሬ? ለድመት ብለሽ?»

«አዎ።»

«ለእኔስ ማን ያቀብላል?»

«ተጠባባቂዋ ትንሿ ልጅ ታቀብልሽ። ስትፈራ ኳሱን ዝቅ ታደርገዋለች፤ ከፍ አድርጊው በያት።»

ካፒቴኗ ቻው ሳትል ዘጋችው።

ቀጮ ቦርሳዋን አልጋው ላይ ዘረገፈች። የጉልበት መከላከያዎቿ ተንከባለው ወለሉ ላይ ወደቁ። መለያዋን ቦርሳው ውስጥ አነጠፈች፤ አመዶን በቀስታ አስገባችና ጭንቅላቱ እንዲወጣ ዚፑን እስከ ግማሽ ዘጋችው። ከዚያ መጋረጃውን ሰብስባ ሚስማሩ ላይ ቋጠረችው።

«ምንድን ነው የከፈትሽው?» አሉ አያቷ፣ ነፋሱ ሲነካቸው። «ሲመለስ ይበርደዋል እኮ።»

«ብርድ ልብስ እደርብለታለሁ። ይሄ ክፍት ይሁን፣ እማማ።»

አያቷ ዳቦውን በዳበሳ ኮቷ ኪስ ውስጥ ከተቱላት፤ የኮቷንም ቁልፍ እስከ አንገቷ ቆለፉላት። ቀጮ ቦርሳውን ደረቷ ላይ አቅፋ ደረጃውን መውረድ ጀመረች። ከመንገዱ የባስ ጥሩምባ ተሰማ። የእነሱ ይሁን የሌላ፣ ቆማ አላዳመጠችም።