በሩ የተዘጋው ለኮፒው ነበር

ወንድሜ ሶርሳ በሩን በእርግጫ ገንጥሎ ሲገባ ኮፒው ገና ግማሽ አልደረሰም ነበር።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ሁለት ሺህ ሁለት ዓ.ም. ነው። የሶርሳ ሚስት ቃለሕይወት፣ የቤሌ ከተማ ልጅ፣ በወሊድ ከነልጇ ሞተችብን። ድምፅዋ የቀረው ቤታችን ባለው ኮምፒውተር፣ በሠርጋቸው ቪዲዮ ላይ ብቻ ነው። ሶርሳ ቪዲዮውን ከፍቶ አያይም፤ ሌላ ሰው ኮምፒውተሩን ሲነካ ግን ያብዳል። ያን ሰሞን ሃርድ ዲስኩ ቋ ቋ ማለት ጀመረ። ስነግረው «አስኑ፣ አትንኪው አልኩሽ!» ብሎ ጮኸብኝ። እኔ መቼ እሰማለሁ! እሱ ሥራ ሲሄድ ተሸክሜ መናኸሪያው ጀርባ ወዳለው የሰብስቤ የኮምፒውተር ጥገና ሱቅ ወሰድኩት።

ሰብስቤን እወደዋለሁ። ይኸው፣ ተናገርኩት። እሱ ኦርቶዶክስ፣ የማርያም ማኅበርተኛ፣ እኔ ጴንጤ፣ የኳየር ዘማሪ ስለሆንን ሶርሳ «እኔ በቁሜ እያለሁ አይሆንም!» ብሏል።

ሰብስቤ ዲስኩን ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠው። «ሊሞት ነው። አዲሱ ላይ ገልብጬ ሳልጨርስ ከተነካ አለቀለት» አለኝ። ሰው ገብቶ ገመዱን እንዳይረግጥ በሩን ከውስጥ ቀረቀረው። የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። እኛ ከተማ፣ ሶዶ ውስጥ፣ ሴት ልጅ የገባችበት ሱቅ በቀን ከተዘጋ ወሬው ጎረቤት ከተማ ዲምቱ ድረስ ይሰማል።

ጎን ለጎን ተቀምጠን ኮፒው ሲቆጥር እናያለን። እጁ እጄን ሲነካ አላሸሸሁትም።

ከዚያ በሩ ተገነጠለ።

«እኅቴን! በጠራራ ፀሐይ!» ሶርሳ ብረት ይዞ ነበር። መጀመሪያ ሰብስቤን ትከሻው ላይ አለው፤ ቀጥሎ አፉ ላይ። ደሙ ኪቦርዱ ላይ ተረጨ። ሰብስቤ መሮጥ ሲችል ኮምፒውተሩን እንደ ሕፃን አቅፎ አጎነበሰ።

«ተከላከል እንጂ፣ አንተ ጅል!» ብዬ ጮኽኩ።

«ገመዱ... ገመዱ እንዳይነቀል፣ አስኑ!»

ሶርሳ ክንዱን ሲመታው አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁ። ዘልዬ የወንድሜን እጅ ነከስኩት። በጥፊ ሲለኝ ከመደርደሪያው ጋር ተላተምኩ። ወንበር አንስቼ ባለ በሌለ ኃይሌ ጉልበቱ ላይ አሳረፍኩበት፤ ወደቀ። ላዩ ላይ ወጥቼ በቡጢ እየነረትኩት «ቃለሕይወትን እኮ ነው የምትገድላት! እዚያ ውስጥ ያለችው እሷ ናት!» አልኩት።

ብረቱን ለቀቀው።

ሦስታችንም መሬት ላይ እየደማን ጠበቅን። ኮፒው ሲያልቅ ሰብስቤ በደህናው እጁ ቪዲዮውን ከፈተው። «ሶርሳ፣ ቀስ በል! ቀሚሴን ረገጥከው እኮ!» አለች ቃለሕይወት፣ እየሳቀች። ወንድሜ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም። አሮጌው ዲስክ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

እኛ ዘንድ ደም ያፈሰሰ ሰው ሽማግሌ ይልካል። ሶርሳም ከሽማግሌዎቹ ጋር ሰብስቤ ቤት መጣ። ሰብስቤ ክንዱ በጀሶ ታስሯል፤ እኔ ሾርባ አጠጣዋለሁ።

«ልጃችን በድሎሃል» አሉ የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ አቶ ዱባለ። «ካሳህን ቁረጥ።»

«ካሳ አልፈልግም፣ ጋሼ። ከመጣችሁ አይቀር ግን አንድ ነገር ጠይቁልኝ።» ዓይኑ እኔ ላይ ነው። «ታገባኛለች ወይ በሉልኝ። ሶርሳን አይደለም፤ እሷን።»

ሁሉም ሶርሳን አዩት። ሶርሳ አቀርቅሮ «ጠይቋት» አለ።

እስኪጠይቁኝ ማን ይጠብቃል! ሾርባውን አስቀምጬ፣ በሽማግሌዎቹ ፊት፣ ያበጠ አፉን ሳምኩት።