ጫጩቶቹ የተከተሉት

ባታምኑኝ አልፈርድባችሁም። እኔም በሌላ ሰው አፍ ብሰማው አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል። በጨለማ እንዳይመስላችሁ... ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ወለሉ ላይ እንደተዘረጋች ነው የሆነው። ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥ፣ ከቤተ ሙከራዎቹ ሁሉ መጨረሻ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል።

የሳይኮሎጂ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ከኮርሶቻችን አንዱ ስለ ዝግመተ ለውጥና ስለ እንስሳት ባህሪ ነው። ስንመዘገብ "ሰው ልናክም መጥተን ዳክዬ ልንጠብቅ ነው እንዴ?" ብለን ስቀናል።

መምህራችን ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቀን እንዲህ አሉን።

"የዳክዬ ጫጩት ከእንቁላሏ ስትወጣ እናቷን አታውቅም። መጀመሪያ ሲንቀሳቀስ ያየችውን ትከተላለች። ሰው ቢሆን ሰው፣ ኳስ ቢሆን ኳስ። አንዴ ልቧ ላይ ከታተመ... አለቀ። አይፋቅም።"

የመመረቂያ ሥራዬ ይኸው ነበር። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ መጀመሪያ የሚያዩት እኔን እንዲሆን፣ ከዚያ እኔን ሲከተሉ ማጥናት።

አብሮኝ የሚሠራውን ልጅ "ሬዲዮ" ነው የምንለው። አፉ አይዘጋም። የእሱ ድርሻ በካሜራ መቅረፅ ነበር።

በተፈለፈሉበት ዕለት ሚጣንም ይዤ ሄድኩ። ሚጣ የእህቴ ልጅ ናት። ታላቅ እህቴ ነርስ ነች፤ ሚጣን ያገኘቻት ከስንት ዓመት እንባ በኋላ ነው። ያን ቀን ሞግዚቷ ቀረች፣ እህቴ ተረኛ ሆነች፣ እንቁላሎቹ ደግሞ ቀጠሮ አያውቁም። ገና ድክ ድክ ማለት የጀመረችውን ልጅ ጀርባዬ ላይ አዝዬ ገባሁ።

ሬዲዮ ሲያየኝ በሳቅ ፈረሰ።

"አንዷን አዝለሽ ሰባት ልትጨምሪ? ኧረ ወላድ በድባብ ትሂድ!"

ጫጩቶቹ ወጡ። ላባቸው ደረቅ ሲል ወለሉ ላይ አስቀመጥኳቸውና ፊታቸው ቀስ ብዬ መራመድ ጀመርኩ።

አልተከተሉኝም።

ሁሉም... በአንድ ጊዜ... አንገታቸውን ወደ ጥጉ አዞሩ።

ጥጉ ላይ ምንም የለም። ነጭ ግድግዳ ብቻ።

ከዚያ ተሰለፉ። አንዱ ከአንዱ ኋላ። መሄድም ጀመሩ።

ሬዲዮ አንሾካሾከ።

"ማንን ነው የሚከተሉት?"

"እኔን አይደለም።"

"እሱንማ አየሁ..."

ግድግዳውን ታከው ክፍሉን ዞሩት። ድንገት ይቆማሉ። ደግሞ ይሄዳሉ። በቆሙ ቁጥር ቀና ይላሉ። የሚያዩት ጫማዬን ቢሆን፣ ፊቴን ቢሆን ምን አለበት...

የሚያዩት ከእኔ ቁመት በላይ ነበር። ጣሪያው ሥር።

ሚጣ ጀርባዬ ላይ ዝም ብላለች። እንቅልፍ የወሰዳት መሰለኝ።

ሚጣን እንዳዘልኩ መምህሩን ልጠራ ወጣሁ። ሲመጡ ሰልፉ ፈርሶ ነበር። ጫጩቶቹ በሩ ሥር ተኮልኩለው ይጮኻሉ። እናቷ የጠፋባት ጫጩት ጩኸት አላት... ቀጭን፣ የማያቋርጥ፣ ጆሮ የሚበሳ። ያው ነበር።

"ብርሃን ይሆናል፣ የንፋስ ድምፅ ይሆናል" አሉ መምህሩ። መስኮቱን ሸፈንን። አላቆሙም። እህል ሰጠናቸው። አልቀመሱም።

በማግስቱ ጠዋት ሬዲዮ ደወለ።

"ነይ።"

ይኸው ነው ያለው። ሬዲዮ በአንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም።

ስደርስ ጫጩቶቹ ሁሉ በሩ ሥር ደርቀው ቀርተዋል። አንድም አልተረፈም። ሬዲዮ ግን ወደ እነሱ አላየም። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው።

"ጫጩቶቹን ተያቸው" አለ። "ሕፃኗን እይ።"

ቪዲዮው ላይ ጫጩቶቹ አንገታቸውን ወደ ጥጉ ያዞራሉ። በዚያችው ቅጽበት ጀርባዬ ላይ ያለችው ሚጣም ታዞራለች። ዓይኖቿ ቀስ እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ... ጣሪያው ሥር ይቆማሉ።

ከዚያ ፈገግ ትላለች።

"እኔ በቃኝ" አለ ሬዲዮ። ቦርሳውን አንስቶ ሄደ።

ወደ ቤት እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። እህቴ ወጥ ቤት ዕቃ ታጥባለች።

"ሚጣስ?"

"ምን እንደነካት እንጃ! ከነቃች ጀምራ ቤቱን እየዞረች ነው። ደሞ አትወድቅም እኮ!"

ሚጣ ከመኝታ ቤት ወጣች። ግድግዳውን ታክካ። ቆመች። ቀና አለች። ደግሞ ሄደች።

"ሚጣዬ!" አልኳት። ተንበረከኩ። አጨበጨብኩ። እንደ ውሻ ጮኽኩላት፤ ለወትሮው በዚያ ጩኸት ሆዷን ይዛ ነበር የምትስቀው። እንደ ወንበር አለፈችኝ።

ብድግ አድርጌ አቀፍኳት።

ጮኸች።

የሕፃን ለቅሶ አልነበረም። ቀጭን... የማያቋርጥ... ጆሮ የሚበሳ።

ወለሉ ላይ መልሼ አስቀመጥኳት። ወዲያው ዝም አለች።

ለእህቴ ሁሉንም ነገርኳት። "ጥናቱ ነው ያዞረብሽ፤ ሂጂ ተኚ" አለችኝ። ከዚያ እጇን ወደ ልጇ ዘረጋች።

"ነይ እናቴ... ነይ ወደ እማ።"

ሚጣ ቆመች። እናቷን አየቻት... መንገድ ላይ ያገኘቻትን ሰው እንደምታይ። ከዚያ ቀና ብላ ወደ ላይ አየች። ፈቃድ የምትጠይቅ ትመስል ነበር።

የእህቴ እጅ በአየር ላይ ቀረ። አረፋው ጠብ ጠብ ይላል።

"ማን ነው?" አለችኝ በሹክሹክታ። "ማንን ነው የምታየው?"

ስልኬን አንስቼ መምህሩ ጋ ደወልኩ። ቪዲዮውንም፣ ሚጣ የሆነችውንም ነገርኳቸው።

"አይፋቅም ብለውናል። መንገድ ይኖረዋል፣ የለም አይበሉኝ! ከቤት እናውጣት? አገር እንቀይር?"

 

"ጫጩቶቹ እንዴት ናቸው?" አሉኝ።

"ሞተዋል።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"



"እንግዲያው ልጄ..." አሉ፣ "ከምትከተለው አትለዩዋት።"

ስልኩ ተዘጋ።

እህቴ ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠግታ ሰምታለች። ወለሉ ላይ ተደፋች። ልጇ ስትሄድ በጉልበቷ እየተከተለች፣ ባዶውን አየር ትለምነው ጀመር። ለትልቅ ሰው እንደሚባለው፣ በአንቱታ።

"ማንም ይሁኑ... እባክዎን። ስንት ዓመት ነው የጠበቅኳት። እኔን ይውሰዱኝ። እሷን ይተዉልኝ።"

ሚጣ ዞራ አላየቻትም።

አሁን ሥራም ትምህርትም የለም። እህቴ ሆስፒታሉን ትታለች፣ እኔም አልተመረቅኩም። በር አንዘጋም። ሚጣ ስትዞር መንገድ እንለቃለን። በቆመችበት እናጎርሳታለን፤ ቀና ብላ ካየች በኋላ ትውጣለች። እየፋፋች ነው። መፋፋቷ ነው እህቴን ይበልጥ የሚያስለቅሳት።

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ጣላት። እህቴ ከስንት ጊዜ በኋላ ልጇን ነካች። ግራ እጇን ይዛ፣ ትንፋሿን ሳትለቅ ጎኗ ተቀመጠች።

ያኔ ነው የሚጣን ቀኝ እጅ ያየሁት።

ወደ ላይ ተዘርግቷል። ቀጥ ብሎ። ጣቶቿ አንድ ነገር ጨብጠዋል... አጥብቃ ከመጨበጧ የተነሳ ጫፎቻቸው ነጥተዋል።

እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን እጅ ይወድቃል አይደል?

አልወደቀም።

ክንዷን በሁለት ጣቴ ይዤ፣ እንዳትነቃ ቀስ ብዬ ወደ ታች ሳብኩት።

ወደ ላይ ተሳበ።