በሰባት ሲባዛ

ያየሁትን ነው የምነግራችሁ። የማያምን አይመን፤ ለመከራከር አቅም የለኝም። ደክሞኛል።

እሁድ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። በስፌት ቤቱ መስኮት ጠራራ ፀሐይ ይገባል።

ስድስት ሴቶች ነን። ክብ ጠረጴዛ ከበን ሸሚዝ እንሰፋለን። ድርሻዋን የጨረሰች፣ ኮሌታው ውስጥ ቁጥሯን በጠመኔ ጽፋ ለጎረቤቷ ታሳልፋለች። ኮሌታ የምትገጥመው ጀማሪዋ ናት፤ ከባዱ ሥራ እሱ ነው። "ዛሬ ማን ትጀምር?" እየተባባልን ስንነታረክ እንውል ነበር።

ለጭቅጭቁ መላ ያመጣሁት እኔ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ በሒሳብ ግን ከረገጡት አላንስም።

142857።

ሰኞ እንዳለ ነው። ማክሰኞ በሁለት አባዙት፦ 285714። ረቡዕ በሦስት፦ 428571። እስከ ቅዳሜ፣ እስከ ስድስት ድረስ፣ እነዚያው ቁጥሮች ናቸው። ተርታቸው አይዛነፍም፤ ጀማሪው ብቻ ይቀየራል። ለየአንዳንዳችን አንድ ቁጥር፣ አንድ ከባድ ቀን። ጭቅጭቁ ቀረ።

"እሁድስ?" አለች ያኔ ታላቅ እህቴ። ቁጥር አንድ የእሷ ነው፤ ስምንት የእኔ።

"በሰባት ሲባዛ ስድስቱም ዘጠኝ ይሆናሉ፤ የማናችንም ቁጥር አይደለም። ምን አስጨነቀሽ እታለም? እሁድ አንሠራ!"

"አይ አንቺ... አፍሽስ መቼ ሰንፎ ያውቃል" ብላ ሳቀች።

ያን እሁድ ግን አለቃችን ትእዛዝ ደረሰ ብሎ ጠራን። እህቴን ያተኩሳት ነበር። "ቶሎ ጨርሰን ቤት እወስድሻለሁ" ብዬ አባብዬ አመጣኋት።

መጀመሪያ ወሬው ቆመ። ምላሷ ስለሚቆርጥ "መቀስ" የምንላት እንኳ ዝም አለች።

ቀጥሎ የስፌት መኪናዎቹ... አንድ ላይ ይነሳሉ። አንድ ላይ ይቆማሉ።

ሸሚዙ እኔ ጋ ደረሰ። ኮሌታውን ገለጥኩ።

999...

ስምንት ልጽፍ ጠመኔ አነሳሁ። እጄ ዘጠኝ ጻፈ።

"መቀስ..." አንሾካሾክኩ። "ምንድነው የጻፍሽው?"

"ቁጥሬን ነዋ።"

ድምጿ የእህቴ ነበር።

"እታለም... ተነሽ። እንሂድ።"

አምስቱም ተነሱ።

አንገታቸውን ደፍተዋል። እህቴ አውራ ጣቷ ላይ መርፌ የበሳት ጠባሳ አላት፤ በእሱ ልለያት እጆቻቸውን አየሁ።

አምስቱም ላይ ጠባሳው አለ።

"ደክሞኛል... ቤት ውሰጂኝ" አለች አንዷ። የትኛዋ እንደሆነች አላወቅኩም።

ቅርቤ ያለውን እጅ ይዤ ወጣሁ። ትኩስ ነበር። መንገዱን ሁሉ ቀና ብዬ ፊቷን አላየሁም።

እናታችን በሩን ከፈተች። ከሁለታችን ሌላ ሴት ልጅ የላትም።

እሷን አየች። እኔን አየች። እንደገና እሷን...

ከዚያ በትከሻችን አሻግራ ወደ መንገዱ ተመለከተች።

"ታናሻችሁስ?" አለች። "የት ጥላችኋት መጣችሁ?"

አውራ ጣቴን ቀስ ብዬ ኪሴ ውስጥ ደበቅኩ።