ብርድ ልብስ የለበሰው ጊታር

ጊታር ተጫዋቹ ካሎያን፣ በቡልጋሪያዋ ፕሎቭዲቭ ከተማ በሦስተኛ ፎቅ ቤቱ፣ ከአምፕሊፋየሩ ፊት በግንባሩ ተደፍቶ ሞቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የማይክሮፎን ማቆሚያ ብረት አጠገቡ ወድቋል። ፖሊሶቹ ሚስቱን ሩሜናን ይዘው ለመሄድ የኢንስፔክተር ቴርዚዬቫን ቃል ብቻ ይጠብቁ ነበር። ሕንፃው በሙሉ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ጊታሩን ሰምቷል። ሩሜና የገባችውም፣ ጊታሩ ጸጥ ያለውም አሥራ አንድ ላይ ነው።

«ስገባ ጊታሩ ይጫወታል፤ እሱ ግን ሞቷል» አለች ሩሜና። «ደንግጬ ሶኬቱን ነቀልኩት።»

«ጊታር የሚመታ ሬሳ!» ብሎ አንዱ ፖሊስ አሾፈ። ቴርዚዬቫ አልሳቀችም።

«ባልሽን ትወጂው ነበር?»

«እወደው ነበር። በዚያ ሳጥን ግን እቀና ነበር። ለእኔ አንድ ሰዓት፣ ለሱ አምስት። ‹ሁለታችሁንም በመስኮት እወረውራችኋለሁ› ብዬዋለሁ፤ ጎረቤት ሰምቷል፣ አልክድም።»

ሳጥኑ የብዙ አምፕሊፋየሮችን ድምፅ የሚያስመስል ዲጂታል መሣሪያ ነው። ካሎያን ከአሮጌው አምፕሊፋየር ስፒከሮች ጋር እያገናኘ ይጫወትበት ነበር። ከቀኑ ስምንት እስከ አሥር ባለው የጸጥታ ሰዓት ግን በጆሮ ማዳመጫ ብቻ ነው። ያን ሰዓት የጣሰ ከታች ቤት ከሚኖሩት አሮጊት ከባባ ስቶይና ጋር ይፋጠጣል፤ ለዚያ ደግሞ ማን ወንድ አለ?

«ልክ አሥር ሲሞላ ጀመረ፣ ልጄ» አሉ አሮጊቷ። «አንዷን ዜማ ሲደጋግም ዋለ። ድምፁም ብርድ ልብስ የለበሰ ይመስል ነበር።»

«ሌላ ጊዜስ?»

«ሌላ ጊዜማ ጥርት ያለ ነው። እኔ የምጣላው ከሰዓቱ እንጂ ከጣቶቹ አይደለም።»

የቤቱ ቁልፍ የነበራቸው ሌሎች ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዱ ሩሜናን ከካሎያን በፊት አጭቷት የነበረው አምፕሊፋየር ጠጋኙ ሜቶዲ ነው።

«ትቀናበት ነበር?»

«አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ» አለ ሜቶዲ ሳያፍር። «ዛሬ ከሰዓት በኋላ ሱቄ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ምስክር የለኝም።»

ሌላው ሉበን ነው፤ በካሎያን ባንድ ሁለተኛው ጊታር ተጫዋች።

«ከአሥር ከሩብ ጀምሮ እታች ካፌው ነበርኩ። እንዲያውም ባለቤቱን ‹ስማው፣ ጀግናችን ጀመረ› አልኩት።»

«አንተም ሳጥን አለህ?»

«ያው የሱ ዓይነት። አምፕሊፋየርም ገዝቼ ነበር፤ አልሆነልኝም፣ ሸጥኩት። አሁን በማዳመጫ ብቻ ነው።»

በዚህ ጉዳይ ቅናት ያልነካው ሰው የለም፤ ቴርዚዬቫን ያስጨነቃት ግን ብርድ ልብሱ ነው። በማግስቱ አራቱንም ካሎያን ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«ሩሜና እውነቷን ነው» አለች። «ይህ ሳጥን የተጫወቱትን ቀድቶ እየደጋገመ ያሰማል፤ ሶኬቱ ሲነቀል ቅጂው ይጠፋል። ካሎያን የሞተው አሥር ሳይሞላ ነው። ማዳመጫ ስላደረገ የገባበትን ሰው አልሰማም። ገዳዩ ማዳመጫውን አወለቀ፣ አሥር ሲሞላ ቅጂውን በስፒከሩ ለቆ ወረደ።»

«ማስረጃው የታለ?» አለ ሉበን።

«ሳጥኑ እንደተገኘ ነው፤ ማንም አልነካውም። እስቲ ከስፒከሩ ጋር አገናኝተህ ተጫወትልኝ።»

ሉበን ሰካው፤ ተጫወተ። ድምፁ የታፈነ ነበር።

ባባ ስቶይና ቀና አሉ። «ይኸው ነው። የሰማሁት ይኸን ነው።»

ሜቶዲ ጎንበስ ብሎ ሳጥኑ ላይ አንድ ነገር አጠፋ። «በማዳመጫ ስትሰማ ሳጥኑ ስፒከርም ያስመስልልሃል» አለ። «እውነተኛ ስፒከር ላይ ስትሰካው ማስመሰያውን ካላጠፋህ፣ ድምፁ በሁለት ስፒከር ያለፈ ያህል ይታፈናል። ካሎያን አሥር ሲሞላ መጀመሪያ የሚያጠፋው እሱን ነበር።»

«ሜቶዲ ቢሆን ኖሮ ያጠፋው ነበር» አለች ቴርዚዬቫ። «ሩሜና ገመዱ የት እንደሚሰካ እንኳ አታውቅም። ሳጥኑን እያወቀ ይህችን አንዲት ነገር የማያውቅ አንተ ብቻ ነህ፣ ሉበን።»

ሉበን ጊታሩን እንደያዘ ክሩን ነካ አደረገው። የወጣው ድምፅ ጥርት ያለው የካሎያን ድምፅ ነበር። ሩሜና ፊቷን ሸፈነች።

«ይኸው ብቻ ነው?» አለ ሉበን። «ስምንት ዓመት የሳጥኑን ማስተካከያ ቁጥሮች ሁሉ ተደብቄ ገለበጥኩ። የሆነ ነገር የሚደብቀኝ መስሎኝ። ትናንት ስገባ ማዳመጫውን አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ለብቻው ፈገግ ይላል። እኔ የማልሰማውን እየሰማ። አልቻልኩም።»

«ምንም አልደበቀህም» አለች ሩሜና። «ብትጠይቀው ይነግርህ ነበር።»

«እሱን መጠየቅ አሳፈረኝ» አላት።