ሐርበሏ ማኘክ ስታቆም

በዘርዋን መንግሥት ፀሐይ ሦስት ቀን በተከታታይ ከሰዓቷ ዘግይታ ወጣች። ንግሥት አውራንያም የንጋት ዕንቁ ከመቅደሱ መሰረቁን አወጀች። ሌባው ናግራም የተባለው ብርሃን ጠጪ ዘንዶ ነው፤ ከአመድ በረሃ ማዶ ዋሻ ውስጥ ተጠምጥሞ ይልሰዋል። ዕንቁው ካለቀ ዘርዋን ለዘላለም ትጨልማለች።

ንግሥቲቱ ዘንዶውን የሚገድልበትን ሰይፍ ለወጣቱ ተዋጊ ለዶርጋን ሰጠችው።

«ዕንቁውን ሳልይዝ ብመለስ ምድር አትቀበለኝ!» ብሎ ማለ።

ሕዝቡ እልል አለ። ንግሥቲቱ ግን ወዲያው ወደ ሐርበል ነጂው ወደ ኤምራል ዞራ፣ «መንገዱን የምታውቀው አንተ ነህ፤ አደራህን» አለችው። ኤምራልና ዶርጋን አንድ ጡት ጠብተው ያደጉ ናቸው። ያቺ «አደራህን» የዶርጋንን ደስታ አመረረችበት።

ሐርበል ስድስት እግር ያላት፣ ቤት የምታህል እንስሳ ናት። በአመዱ መካከል እዚህም እዚያም ሰማያዊ ሣር የበቀለባቸው መስኮች አሉ። ከአንዱ ወደ ሌላው የምታደርሰው እሷ ብቻ ናት፤ ተጓዦቹም በወተቷ ይኖራሉ። ኤምራል በየመስኩ ጆሮውን ጎኗ ላይ ለጥፎ ማኘኳን ያዳምጣል። በሦስተኛው መስክ ድንገት ብድግ አለ።

«ዶርጌ፣ ጫን። እንሂድ።»

«ሣሩ እስከ ጉልበቴ ነው እኮ! ዓይንህን ያምሃል?»

«ጥሩ ጥሩውን ጨርሳለች። አሁን ለአንድ ጉርሻ አራት እርምጃ ትሄዳለች። ቀጣዩ መስክ ሩቅ ቢሆን ኖሮ ራሷም ትታገሥ ነበር፤ ቅርብ መሆኑን ግን አሽትታለች።»

«ሰይፉን የያዘው ማን ነው?»

«አንተ ነህ፣ ጌታዬ» አለ ኤምራል እየሳቀ። «እንግዲያው ሰይፉን አብላት!»

ሳቁ ዶርጋንን አንገበገበው። ሐርበሏ እንኳ ጆሮዋን የምታዞረው ወደ ኤምራል ነው። ዶርጋንም በረጅም ገመድ ከድንጋይ ጋር አስሮ ሁለት ቀን አቆያት። ቅሪት ፍለጋ ስትንከራተት ከበላችው ያባከነችው ጉልበት በለጠ፤ ወተቷም ነጠፈ። ከዘንዶው ዋሻ ፊት ያለው መስክ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ወደቀች፤ የኤምራልም እግር ከሥሯ ገብቶ ተሰበረ።

«ያሰራት ቅናቴ ነው» አለ ዶርጋን አንገቱን ደፍቶ።

«አውቃለሁ። ገመዱን ስትቋጥር ፊትህን ከእኔ አዙረህ ነበር።» ኤምራል ሕመሙን ዋጥ አደረገና ቀጠለ። «ስማ፤ ዘንዶውም በላተኛ ነው። ከዕንቁው ላይ የማይነሣው ሌላ ብርሃን ስለራቀው ነው። የተሻለ ነገር አጠገቡ ካገኘ ይነሣል።»

ዶርጋን ብቻውን ገባ። ዕንቁው ተልሶ ተልሶ ገርጥቷል። ችቦውን ወረወረለት፤ ናግራም አንዴ ቀመሰና ተመልሶ ተጠመጠመ። ዶርጋን ቆሞ አሰበ። ከዚያም ዓይኖቹን በሰፊው ከፈተ።

«ናግራም! እነዚህ ዓይኖች ሃያ ዓመት ሙሉ ንጋትን አይተዋል። ማንም አልነካቸውም። ና፣ ጠጣ!»

የናግራም ምላስ ቆመ። ዘንዶው ዕንቁውን አየ፤ ዶርጋንን አየ። ቀስ በቀስ ተፈታና መጣ። የዓይኖቹን ብርሃን ሲጠጣበት ዶርጋን በመጨረሻ ያየው ነገር የዘንዶው ለስላሳ ጉሮሮ ነበር። ሰይፉን እዚያ ሻጠው።

ዕንቁውን በብብቱ ይዞ፣ የኤምራልን ድምፅ ተከትሎ ወጣ። ከዋሻው ፊት ያለውን ሣር በዳሰሳ እያጨደ ሐርበሏን በእጁ አጎረሳት፤ በአምስተኛው ቀን ቆመች።

ዘርዋን ሲገቡ ፀሐይ በሰዓቷ ወጣች። ከሐርበሏ ጀርባ ላይ ዕንቁውን ከፍ አድርጎ የያዘው ኤምራል ነበርና አደባባዩ «ኤምራል! ኤምራል!» እያለ ተናወጠ። ዶርጋን የፀሐይዋን ሙቀት በፊቱ ላይ ተቀበለ። የድሮው ቅናት ነከሰው፤ አልሞተም ነበር። ሐርበሏን በቤተ መንግሥቱ መስክ ላይ ሲያሰማሩ ጆሮውን ጎኗ ላይ ለጠፈ፤ ብዙ ቆየም።

«ኤምራል፣ ማኘኳ ላልቷል።»

«ኧረ ሣሩ ገና ምኑ ተነክቶ!» አለ ኤምራል። ከዚያ እሱም ጎኗን ተጠግቶ አዳመጠ። «ልክ ነህ። እኔ አልሰማሁትም።»

ሕዝቡ ገና ይጮኻል። ዶርጋን ሐርበሏ ወደ አዲስ ሣር እንድትሄድ ማሰሪያ ገመዷን በእጁ ፈልጎ ፈታው። ሐርበሏም ጆሮዋን ወደ እሱ ስታዞር ትንፋሿ ጉንጩን ነካው።